የብስክሌተኛው ካርታ

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ከዚያም በመጨረሻ የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

ኒምራ ታላታ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ የሚገኝ ሠፈር ነው። ስሙ በጁባ ዐረብኛ «ቁጥር ሦስት» ማለት ነው። ከዚህ ሠፈር የተነሣ ብስክሌተኛ ከነጭ ዓባይ ማዶ ወዳለችው ወደ ጉምቦ ለመሻገር ቢሻ፣ ለብዙ ዓመታት የነበረው ምርጫ አንድ ድልድይ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ግን በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የነፃነት ድልድይ ተመረቀ። በእጅ ስልክ ላይ የሚሠራ መንገድ መራጭ መተግበሪያ ይህን ድልድይ የሚያውቀው አንድ ሰው በካርታው ላይ አስገብቶት እንደሆነ ብቻ ነው። ካርታው ካልታደሰ፣ ለመተግበሪያው ያ ስፍራ ዛሬም ውኃ ነው።

መተግበሪያው መንገድ የሚመርጥበት ስልት ከእጅ ስልክ በዕድሜ እጅግ ይበልጣል። ኤድስኸር ዳይክስትራ የተባለው የኔዘርላንድ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1956 ከእጮኛው ጋር በአምስተርዳም ሲገበይ ቆይቶ፣ ቡና ሊጠጣ አረፍ ባለበት ከሮተርዳም ወደ ግሮኒንገን የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ የትኛው እንደሆነ ማሰላሰል ጀመረ። መፍትሔውንም ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ በ20 ደቂቃ ያህል አገኘው፤ በጽሑፍ የወጣው ግን በ1959 ነው። በዚህ ስልት መሠረት አገር ምድሩ በመጋጠሚያዎች የተያያዙ የመንገድ ቁራጮች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ጠቅላላ ዋጋው ያነሰው መስመርም ይመረጣል። ለብስክሌተኛ ዋጋው ርቀት ብቻ አይደለም። ዳገቱ፣ ኮረቱ፣ የመኪናው ብዛት ሁሉ ይታሰባል። ስለሆነም ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌትና ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት ከአንድ ቦታ ተነሥተው ወደ አንድ ቦታ ሲሄዱ በተለያዩ መንገዶች ሊመሩ ይችላሉ።

የዳገትን ነገር ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን የሚዘረጋው የዓባይ በረሃ መንገድ በሚገባ ያስረዳል። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሜዳ ቢሆን ኖሮ ለበረታ ብስክሌተኛ የሁለት ሰዓት ጉዞ በሆነ ነበር። ዳሩ ግን መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች የመሬትን ከፍታ የሚያነቡት፣ ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በ11 ቀን ጉዞዋ በራዳር ከሰበሰበችው መረጃ ነው። ያ መረጃ ቢበዛ በየ30 ሜትሩ አንድ ነጥብ ይሰጣል። እንግዲህ ገደል ተፈልፍሎ በተሠራ ጠባብ መንገድ ላይ የገደሉ አፋፍና የመንገዱ ወለል ስለሚደባለቁ፣ የሌለ ዳገት ተቆጥሮ ሊገኝ ይችላል።

ሰው ያለበትን ቦታ ለማወቅ የቴሌፎን አገልግሎት አያስፈልግም። ስልኩ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት መቀበሉ ይበቃዋል። ካርታው ግን ከመነሣት በፊት በስልኩ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ከአስፋልት ወጥቶ በእግር መንገድ ለሚጓዝ ሰው ዐቢዩ ጉዳይ ካርታውን የሣለው ማን እንደሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ በፈቃደኞች የሚሠራ ካርታ ሲሆን፣ ብዙ የብስክሌት መተግበሪያዎች የተመሠረቱት በእርሱ ላይ ነው። ከፈቃደኞቹ መካከል ብዙዎቹ አገሩን ረግጠውት አያውቁም፤ ከሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ ቀጭን መስመር አይተው መንገድ ብለው ይሥላሉ። መስመሩ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በሚዘንበው ዝናብ ጭቃ መሆኑ በፎቶግራፉ ላይ አይታይም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ፈንጂው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2005 በተካሄደው ጦርነት በጁባ ዙሪያ ሳይቀር ፈንጂ ተቀብሯል። ለመተግበሪያው በሣር መካከል የሚያልፈው አቋራጭ ዋጋው ያነሰ መስመር ነው፤ ለአካባቢው ገበሬ ግን ከብት እንኳ የማይነዳበት ስፍራ ሊሆን ይችላል። ፈንጂ የሚያመክኑ ሠራተኞች በሥራቸው ስፍራ ድንጋይ ይቀባሉ፤ በቀዩ በኩል ያለው አደገኛ፣ በነጩ በኩል ያለው የተጠረገ ነው። ይህን ምልክት የሚያነበው ስልኩ ሳይሆን ብስክሌተኛው ነው።

ጥያቄዎች

1. በምንባቡ ውስጥ «ዋጋ» የሚለው ቃል ከገንዘብ ዋጋ በምን ይለያል?
2. በዓባይ በረሃ መንገድ ላይ የሌለ ዳገት ሊቆጠር የሚችለው ለምንድን ነው?
3. «ለመተግበሪያው ያ ስፍራ ዛሬም ውኃ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
4. ከምትኖሩበት ቀበሌ እስከ ትምህርት ቤታችሁ ያለውን መንገድ ሥላችሁ፣ ከሰማይ ሊታዩ የማይችሉትን ነገሮች አመልክቱ።