ሚኤሶ ስንተኛዋ ናት? በፓይተን ዝርዝርን በዝርዝር ውስጥ ማስቀመጥ

ፓይተን መማር የጀመረ ሰው ተራ ዝርዝር ላይ ብዙም አይቸገርም። ግራ የሚጋባው ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ ሲመጣ ነው። ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በሚኤሶ የሚያልፈው ባቡር ይበቃናል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በኢትዮጵያ በኩል ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ተከፋፍለው ሠሩት፤ አንዱ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ፣ ሌላው ከሚኤሶ እስከ ደወሌ። አንድ መስመር፣ ሁለት ክፍል፣ በየክፍሉ ጣቢያዎች። ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ ማለት ይኸው ነው።

ኮምፒውተር ካላችሁ አይድል የተባለውን የፓይተን መጻፊያ፣ ከሌላችሁ ስልካችሁ ላይ ፓይድሮይድ 3 የተባለውን መተግበሪያ ክፈቱ። ፓይድሮይድ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። >>> ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ይህን ጻፉ፤ ፓይተን 3 የአማርኛ ስም ይቀበላል።

መስመር = [["ሰበታ", "አዳማ", "አዋሽ", "ሚኤሶ"], ["ድሬዳዋ", "ደወሌ"]]

ስህተት ካሳያችሁ መጀመሪያ ነጠላ ሰረዙን እዩ። የኛን «፣» አያውቅም፤ የፈረንጁን , ነው የሚፈልገው። የጥቅስ ምልክቱም እንደዚያው። ፩ እና ፪ንም እንደ ቁጥር አይቆጥርም። «ሰ»ንና «ሠ»ንም ይለያል፦ «መስመር» ብላችሁ ሰይማችሁ «መሥመር» ብትሉት አላውቀውም ይላችኋል። እኔ በዚህ አንድ ፊደል ግማሽ ቀን አባክኛለሁ።

አሁን ጠይቁት። ፓይተን ቆጠራ የሚጀምረው ከ0 ነው።

መስመር[0]

የመጀመሪያው ክፍል አራቱም ጣቢያዎች ይመጣሉ። ሚኤሶን ብቻ ከፈለጋችሁ ሌላ ቅንፍ ጨምሩ፦

መስመር[0][3]

ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡት፤ መጀመሪያ የትኛው ክፍል፣ ቀጥሎ በዚያ ክፍል ውስጥ ስንተኛው ጣቢያ። ብዙ ጀማሪ መስመር[3] ብሎ ሚኤሶን ይጠብቃል። አያገኛትም፤ የውጭው ዝርዝር ውስጥ ያሉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፣ ስድስት አይደሉም። ጣቢያዎቹን መቁጠር ትታችሁ የውስጥ ቅንፎቹን ቁጠሩ።

ሦስተኛ ቅንፍ ብትጨምሩስ? መስመር[0][3][0] «ሚ»ን ይሰጣችኋል። ቃሉም በተራው ፊደል በፊደል ይቆጠራልና። ይህችን ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ ትጠቅመናለች።

በሚኤሶና በድሬዳዋ መካከል ያለችውን ቢኬን ለማስገባት፦

መስመር[1] = ["ቢኬ"] + መስመር[1]

ከዚህ በኋላ መስመር[1][0] ቢኬ ናት፣ ድሬዳዋ ወደ መስመር[1][1] ተገፍታለች።

አሁን ወጥመዱ። ለሁለት ባቡሮች፣ በእያንዳንዱ ሦስት ፉርጎ፣ የተሳፋሪ ቁጥር መያዝ ፈለጋችሁ እንበል። አቋራጭ መስሏችሁ እንዲህ ትጽፋላችሁ፦

ተሳፋሪ = [[0, 0, 0]] * 2
ተሳፋሪ[0][1] = 45

«ተሳፋሪ» ብላችሁ እዩት፦ [[0, 45, 0], [0, 45, 0]]። በአንደኛው ባቡር የተሳፈሩት 45 ሰዎች ሁለተኛውም ላይ ተቀምጠዋል! ምክንያቱም * 2 ሁለተኛ ዝርዝር አልሠራም፤ ያንኑ አንዱን ሁለት ቦታ አስቀመጠው። ልጅን በቤት ስሙም ጥሩት በትምህርት ቤት ስሙ፣ የሚመጣው ያው አንዱ ልጅ ነው። መፍትሔው ሁለቱንም ለየብቻ መጻፍ ነው፦

ተሳፋሪ = [[0, 0, 0], [0, 0, 0]]

ጀማሪ ሳላችሁ ይህን ረጅሙን መንገድ ምረጡ፤ አቋራጩ የሚያተርፍላችሁ ጥቂት ፊደል፣ የሚያስከፍላችሁ ግን ብዙ ሰዓት ነው።

በሉ አሁን ጅቡቲን እንደ ሦስተኛ ክፍል ራሳችሁ ጨምሩና መስመር[2][0] ብላችሁ ጠይቁ። «ጅቡቲ» ካለ ገብቷችኋል። «ጅ» ብቻ ካለ አንድ ቅንፍ ረስታችኋል፤ + ["ጅቡቲ"] ያላችሁትን + [["ጅቡቲ"]] አድርጉትና ከመጀመሪያው ሞክሩት።