ልብሳችንንና እድፉን እንወቅ



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችን ተራ ነገር መስሎ ይታየን ይሆናል። ይኸውም ስለ ልብስ አጠባብና ስለ እድፍ አወጣጥ ነው። ነገር ግን በአምባ ጊዮርጊስም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ያለን ወጣቶች፣ ብዙዎቻችን ለቤተ ክርስቲያን የምንለብሰው ነጠላ አንድ ብቻ ነው። ያ አንድ ነጠላ ሲበላሽ ሌላ ለማሠራት ለፈታይና ለሸማኔ የሚከፈለውን ወላጆቻችን ያውቁታል። ነጠላን የሚያበላሸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እድፉ ራሱ አይደለም፤ እድፉን ለማስለቀቅ በችኮላ የሚደረገው ነገር ነው።

አገራችን ወገራ ደጋ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የምንጭ ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ስለዚህ ልብስ ለማጠብ ስንነሣ መጀመሪያ የሚታሰበን ውሃ ማሞቅ ነው። ሙቅ ውሃ እጅን ያስደስታል፤ ቆሻሻንም ያስለቅቃል። ለአንዳንዱ እድፍ ግን እንደ ማኅተም ነው፤ አትሞት ይቀራል። እንግዲህ ምድጃ ከማንደዳችን በፊት መጠየቅ ያለብን፣ ይህ እድፍ ምንድን ነው የሚለውን ነው።

እድፍ ሁሉ አንድ ወገን አይደለም። ደም፣ ወተት፣ እንቁላልና ላብ በአንድ ወገን ናቸው፤ ቅቤ፣ ዘይትና ሰም በሌላ ወገን፤ ቡና፣ ሻይ፣ እርድና የእስክሪብቶ ቀለም ደግሞ በሦስተኛ ወገን ይመደባሉ። የመጀመሪያው ወገን እንቁላል ሲቀቀል እንደሚጠጥር ሁሉ በሙቅ ውሃ ይጠጥራል፤ ከጠጠረም በኋላ ከክሩ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ደም የነካው ልብስ ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ሲቀላ ይደፋና ሌላ ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሳሙና የሚነካው። የደረቀ ደም ከሆነ ጥቂት ጨው በተጨመረበት ቀዝቃዛ ውሃ ሌሊቱን ይደር። በዚህ ረገድ ቀዝቃዛው ውሃችን በረከት ነው ማለት ይቻላል።

እኅቶች በወር አበባ ጊዜ የሚገለገሉበት ጨርቅም የሚታጠበው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ በመጨረሻም በብዙ ውሃ ይለቀለቃል። ብዙዎች ሰው እንዳያይባቸው ጨርቁን ከፍራሽ ሥር ወይም ከጨለማ ጥግ ያደርቁታል። ይህ ጤና ይጎዳል፤ ጨርቁ ረግቦ ይቆያል፣ ይሸታል፣ ለቁስለትና ለበሽታም በር ይከፍታል። ከላዩ ስስ ሻሽ ጣል አድርጎ በፀሐይ ማስጣት ይቻላል። እናቶች ለልጆቻቸው ይህን በግልጽ ቢነግሩ መልካም ነው፤ ነውርነት የለውም።

ቅቤ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ይረጋል እንጂ አይለቅም። የእናቶቻችንን ነጠላ አንገትጌ ያያችሁ እንደሆነ የራስ ቅቤ የጠጣበት ቦታ ቢጫ ሆኖ ይታያል። በዚህ ላይ ውሃ ከማፍሰስ በፊት የገብስ ዱቄት ነስንሶ ጥቂት ሰዓት መተው ነው። ዱቄቱ ቅቤውን ይመጠዋል፤ ተራግፎ ደግሞ ይነሰነሳል። ከዚያ በኋላ ደረቅ ሳሙና እላዩ ላይ አሽቶ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ነው። ሳሙና ይህን ሊያደርግ የሚችለው አንደኛው ጫፉ ውሃን፣ ሌላኛው ጫፉ ቅባትን ስለሚይዝ ነው፤ ቅባቱን አቅፎ ከውሃው ጋር ይዞት ይሄዳል። ውሃ ብቻውንማ ቅቤ ላይ እንደ ዳክዬ ጀርባ ይንሸራተታል።

የጧፍ ሰም ሲንጠባጠብ የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሥራ በጥፍር ማሸት ነው፤ ይህ ትኩሱን ሰም ወደ ክሩ ውስጥ ማስገባት ነው። ሰሙ ይቀዝቅዝ፤ በእኛ አገር ብርድ ለዚህ ብዙ አያስጠብቅም። ሲጠጥር በማንኪያ ጠርዝ ቀስ ብሎ ይፋቃል። የቀረውን ለማውጣት ጨርቁን በሁለት ንጹሕ ወረቀት መካከል አድርጎ፣ ጋል ያለ ካውያ ከላይ ማሳለፍ ነው። የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ስለሆነ እጅግ የጋለ ካውያ አያስፈልግም። ሰሙ ቀልጦ ወደ ወረቀቱ ይገባል፤ ወረቀቱ ሲጠግብ ይለወጣል። ጋዜጣ ግን አታድርጉ፤ የኅትመቱ ቀለም ከሰሙ የባሰ እድፍ ይሆናል። የከሰል ካውያም ከሆነ አመዱን አስቀድሞ እፍ ማለት ይገባል፤ ነጭ ልብስ ላይ የከሰል ብናኝ ሲወርድ ማየት ያሳዝናል።

ወጥ ሲፈስ በማንኪያ ማንሣት እንጂ በጨርቅ ማሸት አይደለም። በርበሬው ዘይት ይዞ ስለሚገባ መጀመሪያ ዘይቱ በሳሙና ይውጣ፤ የሚቀረው ብርቱካን መሳይ ቀለም በፀሐይ ይጠፋል፤ ሁለትና ሦስት ቀን እያረጠቡ ማስጣት ነው። ስለ አልጫ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። እርድ የነካውን ነጭ ጨርቅ ሳሙና ሲነካው ቢጫው በአንድ ጊዜ ቀይ ይሆናል። ደም ነው ብለው የሚጮኹም አይጠፉም! ይህ የእርዱ ቀለም ሳሙና ሲነካው የሚያሳየው ጠባይ ነው፤ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል፤ ፀሐይም ያጠፋዋል።

ቡናና ሻይ ሳይደርቁ በውሃ ይለቃሉ፤ ከደረቁ በነጭ ልብስ ላይ ሎሚ ይረዳል። ጭቃ እስኪደርቅ ይተዋል፤ የመረሬ ጭቃን በእርጥቡ ማሸት ልብሱን ከማጥቆር በቀር አይጠቅምም፤ ደርቆ ይራገፍና ይታጠባል። እስክሪብቶ በአልኮል ይለቃል፤ አልኮል ከሌለ አረቄ ይሠራል፤ ይህም አረቄ ከሚሠራቸው ጥቂት ደግ ሥራዎች አንዱ ነው። ከቆርቆሮ ወይም ከሽቦ የመጣ ዝገት ደግሞ ሎሚና ጨው ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ በረኪና ግን ዝገትን ያጸናዋል እንጂ አያወጣውም።

በረኪናን ካነሣን ዘንድ ጥቂት እንጨምር። በረኪና እድፍ አያጥብም፤ ቀለምን ይበላል። የነጠላን ጥለት በአንድ ጊዜ ያወይበዋል፤ ሱፍን ያበሰብሰዋል፤ ጥጥንም ቢሆን ደጋግሞ ከነካው ክሩን ያሳሳዋል። ጥለት የሌለው ነጭ ጥጥ ከሆነ በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ አንድ ሲኒ ጨምሮ፣ ከ10 ደቂቃ ሳያልፍ አውጥቶ ደኅና አድርጎ ማለቅለቅ ነው። ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ግን በፍጹም አይቀላቀልም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል።

ሳሙና በየሱቁ ሳይበዛ እናቶቻችንና አያቶቻችን በምን ያጥቡ ነበር? በእንዶድ ነዋ። እንዶድ በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ የሚንጠላጠል ተክል ነው። ፍሬው ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ ይደርቃል፤ ከዚያ ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ሸማን ያነጻል፤ ጥለትንም እንደ በረኪና አያጠፋም። ሲወቀጥ ብናኙ ዐይንና አፍንጫ ስለሚያቃጥል አፍና አፍንጫን በሻሽ መሸፈን፣ ዐይንንም መጠበቅ ይገባል። መርዝነት ስላለውም ሕፃናት እንዳይቀምሱት።

የዚህ ተክል ታሪክ ከእኛ አገር ወንዝ ተነሥቶ ብዙ አገር ደርሷል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል የሚያድገው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ያንን ወንዝ ተሻግሮ አልፏል፤ እሳቸው ግን ቆመው ለምን ብለው ጠየቁ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ባደረጉት የረጅም ዘመን ምርምር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውንና አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የስዊድን ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 እ.ኤ.አ. አርፈዋል። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆችም የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ቅርፊታም እንስሳትን ለማጥፋት እንዶድ ተሞክሯል። የምርምሩ መነሻ ግን የእናቶች ልብስ ማጠቢያ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚተርፍ ሌላም ነገር አለ። ቀንድ አውጣን የገደለ ውሃ ዓሣንም ይገድላል። የእንዶድም ሆነ የኦሞ አረፋ ወደ ምንጭ ሲገባ ከታች የሚቀዳ ሰው ይጠጣዋል፤ ከብትም ይጠጣዋል። ስለዚህ ከመቅጃው በታች ራቅ ብሎ ማጠብ፣ የታጠበበትንም ውሃ ወደ ጅረቱ ሳይሆን ወደ ሣሩ መድፋት ያስፈልጋል። ምንጭ ዐይኑ ላይ ሳፋ አስቀምጦ የሚያጥብ ሰው ስናይ ዝም ማለት የለብንም።

ወንድሞች ሆይ፣ ይህ አንቀጽ በተለይ ለእናንተ ነው። አንድ ሙሉ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ 20 ኪሎ ማለት ነው። ይህንን አዝላ ዳገት የምትወጣው እኅታችሁ ናት። የለበሳችሁትን ራሳችሁ ማጠብ ባትችሉ እንኳ ውሃውን መቅዳትና ጋቢውን መርገጥ የእናንተ ድርሻ ቢሆን ያምራል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ሲርስ አንዲት ሴት ብቻዋን ልትጨምቀው አትችልም፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ማጠማዘዝ አለበት።

ውሃን ለመቆጠብም ብልሃት አለው። ነጩ መጀመሪያ ይታጠባል፤ በዚያው ውሃ ባለቀለሙ፣ ከዚያም ጭቃ የነካው። በማለቅለቅ ላይ ደግሞ እንዲህ እናስላ። ተጨምቆ አንድ ሊትር የሳሙና ውሃ የቀረበት ልብስ አለ እንበል፤ ለማለቅለቂያም 9 ሊትር ውሃ አለን። ውሃውን በአንድ ጊዜ ብናፈስበትና ብንጨምቀው ከሳሙናው አንድ ዐሥረኛው ይቀራል። ውሃውን በሦስት ከፍለን፣ በእያንዳንዱ 3 ሊትር እያለቀለቅን ብንጨምቀው ግን የሚቀረው ከ64 አንዱ ብቻ ነው። ውሃው ያው 9 ሊትር ነው፤ ልዩነቱ መካከል ላይ መጭመቁ ነው። ሳሙና የቀረበት ነጭ ልብስ ፀሐይ ሲመታው ስለሚቢጭ ይህ ሒሳብ ዋጋ አለው።

አሁን ውሃ ማፍላት ወደሚያስፈልግበት ጉዳይ እንምጣ። ብርድ በጸናበት አገር ልብስ ደራርቦ መልበስና ተደጋግፎ መተኛት የተለመደ ነው፤ በቆሎ ተማሪዎች ጎጆ ውስጥ ደግሞ ይበዛል። ቅማል የሚወደው ይህንኑ ነው። የልብስ ቅማል የሚኖረው በገላ ላይ ሳይሆን በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ እንቁላሉንም የሚጥለው እዚያው ነው። ተስቦና ግርሻ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የሚያስተላልፈው እርሱ ነው። ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ አደገኛ ነው፤ የግርሻ ተሕዋስ ወደ ሰው የሚገባው ቅማሉ ሲጨፈለቅ ነውና። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ቅማልንና እንቁላሉን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። የቤት ውስጥ ማገዶ ካነሰ ልብሱን በፌስታል አጥብቆ አስሮ ሁለት ሳምንት ማስቀመጥ ይቻላል፤ የሰው ደም ያላገኘ ቅማል ይሞታል፤ የሚፈለፈለውም እንደዚሁ። የጋለ ካውያ በስፌቱ ላይ ማሳለፍም ይረዳል። የሱፍ ልብስ፣ በርኖስም ሆነ ባና፣ አይቀቀልም፤ ይኮማተርና ለሕፃን እንኳ የማይበቃ ይሆናል። ለእነርሱ የፌስታሉ ዘዴ ይሻላል።

የፊት ፎጣን በተመለከተ አጭር ቃል እንናገር፤ ለየራስ ይሁን። ትራኮማ ዐይን ከታመመው ወደ ጤነኛው በፎጣና በነጠላ ጫፍ ይሄዳል። የሕፃን ዐይን ያበሰ የነጠላ ጫፍ የሌላውን ሕፃን ዐይን አያብስ።

ስለ ማድረቅ፤ ነጩ በቀጥታ በፀሐይ፣ ባለቀለሙ ግን ተገልብጦ በጥላ ይሰጣል። ጥለት አዲስ ከሆነ እርጥቡን ነጠላ አጣጥፎ ማስቀመጥ አይገባም፤ ቀለሙ በነጩ ላይ ይታተማል። ስጋት ካለባችሁ ከመታጠቡ በፊት የጥለቱን ጫፍ አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ እዩት። በሐምሌና በነሐሴ ጉም ሲውል ልብስ ሁለትና ሦስት ቀን አይደርቅም። ያን ጊዜ ከምድጃ በላይ መስቀል ይታሰባል፤ ጭሱ ግን ነጩን ያጠቁረዋል። ከዝናብ በተጠለለ በረንዳ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ መስቀል ይሻላል። ጋቢ ከላዩ ደርቆ በጠርዙና በድርቡ መካከል እርጥበት ይይዛል፤ በዚሁ ሣጥን ከገባ ይሻግታል። ጠርዙን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፤ ከቀዘቀዛችሁ ገና አልደረቀም፤ አንድ ቀን ይጨመርለት።