ከእናቶቻችን ጓሮ ምን እንማራለን?

እኛ የሶሻል ወርክ ተማሪዎች በረሖቦት፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር፣ ትልልቅ እናቶችንና አባቶችን ስለ ጭንቀት ልናወያይ የጥያቄ ወረቀት ይዘን ሄድን። የሁሉም መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ነበር።

ሲበቃን አንዲት እናት በሕንፃዎቹ መካከል ወዳለችው መደባቸው ወሰዱን። ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም አለ። «የዚህ ስሙ ማን ነው ልጆቼ?» አሉን፤ ግማሹን አላወቅነውም። ሳቁብን። ከዚያ እየኮተኮቱ በ1984 በሱዳን መንገድ ስለ ቀረች እህታቸው ነገሩን። ወረቀታችን ይህን አላገኘውም ነበር።

ለምን በጓሮ ተናገሩ? ባንክና ሐኪም ቤት ስንሄድ የወላጆቻችን አስተርጓሚዎች እኛ ነን። ልጅ መሪ፣ ወላጅ ተመሪ ሆኖ ዓመታት ሲያልፉ የወላጅ ክብር ይጎዳል፤ ልጁም ያለ ዕድሜው ሸክም ይሸከማል። በጓሮ ግን አስተማሪዎቹ እነሱ ናቸው።

ነገሩ ሥር አለው። ቤተ እስራኤል በጎንደር አካባቢ ለብዙ ዘመን ርስት ተነፍገው የሰው መሬት በጭሰኝነት ያርሱ ነበር። ስለዚህ ትንሽ መደብም ትልቅ ትርጉም አላት። ዕውቀቱም መታደስ ነበረበት። በጎንደር ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ በረሖቦት ግን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ገደማ። እኚህ እናት መጀመሪያ በሰኔ ዘርተው ቡቃያው በፀሐይ ተቃጠለባቸው። ዘሩን አልጣሉም፤ ወቅቱን ተማሩ።

ሳይንሱም ይደግፋል። በ2011 የታተመ የሆላንድ ጥናት ሰዎችን በከባድ ፈተና ካስጨነቀ በኋላ ግማሾቹን ለ30 ደቂቃ አትክልት አሠራ፣ ግማሾቹን አስነበበ። ኮርቲዞል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ቀነሰ፤ በአትክልተኞቹ ግን ይበልጥ ቀነሰ።

ኦሪትም መሬትንና መንፈስን አትለይም። በዘዳግም ምዕራፍ 26፣ የመጀመሪያውን ፍሬ በቅርጫት የሚያመጣ ሰው አባቶቹ ከየት እንደ መጡ እንዲናገር ታዛለች። ፍሬና ታሪክ አብረው ይቀርባሉ። በዚያች መደብ ያየነውም ይህንኑ ነው።

እንዴት እንጀምር?
1. ከእናት ወይም ከጎረቤት የጤና አዳም ቀንበጥ ለምነን በሸክላ እንትከል። በረንዳ ይበቃል።
2. «ልርዳዎት» ከማለት «ያስተምሩኝ» እንበል።
3. የተክሉን ስምና አብሮት የሚነገረውን ታሪክ በአማርኛ እንጻፍ።
4. ታሪኩ ሲከብድ አናቋርጥ፤ አናስቸኩልም።

ጓሮ ሕክምናን አይተካም። እንቅልፍ የሚነሳ ሐዘን ካለ ወደ ባለሙያ አብረን እንሂድ። መንገዱን ለመጀመር ግን አንድ ቀንበጥ በቂ ነው።