ኒያው ተሟልቷል፤ ኑሮውስ? (በሰው አገር በበጎ ፈቃድ ለሚያገለግሉ)

በእኛ ዘንድ «እገሌ ውጭ አገር ሄደ» ሲባል ወዲያው የሚታሰበን ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሥራ ወይ ትምህርት። ዐረብ አገር የሄደች እህት፣ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ በኩል የሚያቋርጥ ወንድም፣ ነፃ የትምህርት ዕድል ያገኘ ጎረቤት ይታወሱናል። ደመወዝ ሳይፈልግ፣ ለዕለት ወጪው ብቻ የምትበቃ ገንዘብ እየተሰጠው፣ ሌላ ሕዝብ ሊያገለግል ከአገሩ የሚወጣ ሰው ግን ብዙም አይነሳም። ይሁንና እንዲህ ያሉ ወንድሞችና እህቶች አሉን። ሐኪሞች አሉ፣ መምህራን አሉ፣ የውሃና የጤና ባለሙያዎች አሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነርሱን ማወደስ አይደለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። በመልካም ኒያ፣ በቤተሰብ ዱዓ ተሸኝቶ የወጣ ሰው በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ለምን ይመረራል? ሊያገለግለው የሄደውን ሕዝብ ለምን ማማት ይጀምራል? ብዙ ሰው መልሱ ድህነት ይመስለዋል፤ የመብራት መጥፋት፣ ወባው፣ የማይጥመው ምግብ። እነዚህ ይከብዳሉ፤ ነገር ግን ሰውን የሚሰብሩት እነርሱ አይደሉም። ሰውን የሚሰብረው «እዚህ ምንም አልጠቀምኩም» የሚለው ስሜት ነው። ከዚያም የሚከፋው ያልገባውን ነገር እንደ ጥፋት መቁጠሩ ነው።

የሰዓቱ ነገር

ይህን የምለው በሰው አይቼ ብቻ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ በኋላ በማላዊ፣ በማንጎቺ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ አስተምሬያለሁ። ማንጎቺ ከማላዊ ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ በታች፣ በሺሬ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። የአካባቢው ነዋሪ በብዛት የያኦ ብሔረሰብ ሲሆን አብዛኛውም ሙስሊም ነው። እኔም «የአዛን ድምፅ በሚሰማበት አገር እንግድነት ምን ሊጎዳኝ?» እያልኩ ነበር የሄድኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ለደከሙ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ልሰጥ አሰብኩና «ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ኑ» አልኳቸው፤ በእንግሊዝኛ ነው። ቅዳሜ ጧት በሰዓቱ ተገኘሁ። አንድም ልጅ የለም። እስከ አራት ሰዓት ጠበቅሁ፤ ማንም አልመጣም። በንዴት ወደ ማረፊያዬ ተመልሼ አዲስ አበባ ላለ ወዳጄ ረጅም መልእክት ጻፍኩለት። ለራሳቸው የማያስቡ፣ የሰዓት ዋጋ የማያውቁ፣ ቢረዷቸውም የማይነሱ ሰዎች መካከል ወድቄያለሁ አልኩት። ሰኞ ክፍል ገብቼ ልጆቹን ገሠጽኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉኝ።

ከትምህርት በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ መምህር ለብቻዬ ወስደው ጉዳዩን አስረዱኝ። ልጆቹ መጥተው ነበር። ከሩቅ መንደር በእግራቸው የመጡም ነበሩባቸው። የመጡት ግን ከቀትር በኋላ ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ማለት የእኛ ስምንት ሰዓት ነውና። እስከ ዐሥር አዛን ድረስ በበሩ ላይ ሲጠብቁኝ ቆይተው ተበተኑ። ለካ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ስለውጥ ሰዓቱን ሳልለውጥ ኖሯል! መምህርን «ተሳስተሃል» ማለት ነውር ስለሆነባቸው ተግሣጼን ዝም ብለው ተቀበሉ።

በማግስቱ በክፍሉ ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ያሳፈረኝ ስህተቱ አልነበረም፤ ሰዓት መሳሳት የማንም ነው። ያሳፈረኝ የአንድ ሕዝብን ጠባይ በሁለት ሳምንት ውስጥ አውቄ ፈርጄ፣ ፍርዱንም ባሕር አሻግሬ መላኬ ነው።

አንዲት ፖስት ካርድ

እንዲህ ያለ ፍርድ ከዚህ የከፋ መዘዝ ያመጣበት ጊዜም አለ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ፣ እኛ «ፒስ ኮር» የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ናይጄሪያ፣ ኢባዳን ገና እንደደረሰች አንዲት ወጣት በጎ ፈቃደኛ ለአገር ቤት ወዳጇ ፖስት ካርድ ጻፈች፤ የሰዉን ኑሮ በጎስቋላነት የሚገልጽ ነበር። ካርዱ ሳይላክ ከእጇ ወደቀ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አገኙት፣ አባዝተው በተኑት፣ ተቃውሞም ተነሳ። ወጣቷ አገሩን ለቃ ለመሄድ ተገደደች። አንባቢ ሆይ፣ ልጅቷ ክፉ ስለነበረች ነውን? አይመስለኝም። ገና ባልለመደችው ኑሮ መካከል ሆና፣ ስሜቷ ሳይረጋ ጻፈች። የእኔ መልእክት ከእርሷ ካርድ የሚለየው በሰው እጅ ባለመውደቁ ብቻ ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962፣ ወደ 280 የሚጠጉ የዚሁ ድርጅት በጎ ፈቃደኞች ወደ አገራችን መጡ። አብዛኞቹ በየክፍለ ሀገሩ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተመደቡ መምህራን ነበሩ። ከመምጣታቸው በፊት በዋሽንግተን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ጭምር ተምረዋል። በዚያ ዘመን የተማሩ አባቶቻችንን ጠይቁ። የሚያስታውሱት የማን ዲግሪ ትልቅ እንደነበረ አይደለም። በአማርኛ እየተኮላተፈ ሰላምታ የሚሰጠውን፣ ከሰው ጋር ከአንድ መሶብ የሚቆርሰውን፣ ለቅሶ የሚደርሰውን መምህር ያስታውሳሉ። በራሱ ሰዎች መካከል ብቻ የኖረውን ረስተውታል።

ሐዘኑ የሚመጣው መቼ ነው?

ይህን ጉዳይ ያጠኑ ምሁራን አሉ። ካሌርቮ ኦበርግ የተባለ የሥነ ሰብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ እንግዳ በሰው አገር የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ዘርዝሯል። መጀመሪያ ሁሉ ነገር ያምራል፤ ሰዉ፣ ገበያው፣ መልክዓ ምድሩ። ቀጥሎ ምሬት ይመጣል፤ እንግዳው የአገሩን ሰው ያማል፣ ከአገሩ ልጆች ጋር ተሰብስቦ ይነቅፋል። ከዚያ ቋንቋውን ጥቂት ሲይዝ፣ መንገዱን ሲያውቅ፣ በራሱ ስህተት መሳቅ ሲጀምር ይቃለለዋል። በመጨረሻም የአገሩን ልማድ እንደ ሌላ የኑሮ መንገድ ይቀበለዋል።

ስቬሬ ሊስጋርድ የተባለ ኖርዌያዊም እ.ኤ.አ. በ1955፣ አሜሪካ ደርሰው የተመለሱ 200 ኖርዌያውያንን ጠይቆ ያገኘውን አሳትሟል። ከስድስት ወር በታች የቆዩትና ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ የቆዩት በተሻለ ሁኔታ ተላምደው ነበር፤ በመካከሉ ያሉት ከብዷቸዋል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሁሉም ሰው በዚህ መስመር እንደማይሄድ፣ አንዳንዱ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ እንደሚጨነቅ አሳይተዋል። ያም ሆኖ ለእኛ የሚበቃ ትምህርት አለበት። ምሬቱ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ የኒያ መበላሸት ምልክት ሆኖ ሊያስደነግጥ አይገባም። የሚያልፍ መሆኑን ያወቀ ሰው በምሬቱ ጊዜ ትልቅ ውሳኔ አይወስንም፣ ትልቅ ፍርድም አይፈርድም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ከቋንቋው በፊት ሰላምታውን መማር ነው። በማላዊ በቺቼዋ «ሙሊ ብዋንጂ» ይባላል፤ እንደምን ነህ እንደማለት ነው። ማንም ሰው ይህን ሳይል ወደ ጉዳዩ አይገባም። እኔ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቸኩዬ ጥያቄዬን ብቻ እወረውር ነበር። ሰዉ ለምን ቀዝቃዛ እንደሆነብኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የራሳችንን አገር ቢያስቡት «እንደምን አደርክ» ሳይል «ስኳር አለ?» የሚል ሰው ምን ይባላል?

ሁለተኛ፣ ከሰው ጋር መብላት ነው። የማላዊ ምግብ ንሲማ ይባላል፤ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ፣ ከእኛ ገንፎ ጠንከር ያለ ነው። በእጅ ተጠቅልሎ ከዓሣ ወይም ከቅጠላ ቅጠል ወጥ ጋር ይበላል። በመጀመሪያው ወር ለብቻዬ እያበሰልኩ እንጀራ ስናፍቅ ነበር። ቡናም ናፈቀኝ፤ ማላዊ ይበልጥ የሻይ አገር ናት። በኋላ ግን እኚያ መምህር ቤታቸው ጠሩኝ። ውሃ በማንቆርቆሪያ እጃችን ላይ ሲፈስ፣ የሚሰጡኝንም ነገር በቀኝ እጃቸው ይዘው በግራቸው ክንዳቸውን ደግፈው ሲያቀብሉኝ የእናቴን ቤት ያየሁ መሰለኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ለብቻዬ መብላት ቀረ።

ሦስተኛ፣ ሥራን በልክ ማድረግ ነው። በጎ ፈቃደኛ አገር ሊለውጥ ይሄዳል፤ የሚጠብቀው ግን አንድ ክፍል፣ አንድ የሕሙማን ክፍል፣ አንድ ጉድጓድ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ክፍልፋይ መደመር የቻሉ ልጆችን ቆጥሮ አልሐምዱሊላህ ማለት ይችላል። አገር አልተለወጠም ብሎ የሚያዝን ግን በየቀኑ ያዝናል።

አራተኛ፣ ስልክን መግራት ነው። በዛሬ ጊዜ አካሉ ማንጎቺ፣ ልቡ መርካቶ የሆነ እንግዳ ብዙ ነው። ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ሲላን በመሆኑ አይተውም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ በስልክ አገር ቤት የሚያድር ሰው ጎረቤቱን መቼ ያውቃል? በሳምንት የታወቀ ቀንና ሰዓት ይኑረው፤ በቀረው ጊዜ ካለበት ይኑር።

አምስተኛ፣ ለሙስሊሙ ጀማዓ አለው። ቋንቋ ባይገባም ሶፍ ይገባል። ሆኖም እዚህም ጥንቃቄ ያሻል። የአካባቢው ሰው አንዳንድ ነገር እኛ ከለመድነው በተለየ ሁኔታ ቢሠራ፣ በመጀመሪያው ጁሙዓ ተነስቶ ሊያርም መሞከር ያው የሰዓቱን ስህተት መድገም ነው። መጀመሪያ መማር፣ መጠየቅ፣ መቆየት።

ከቀደሙት

በታሪካችን ለዚህ ትልቅ ምሳሌ አለን። ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) በመካ በድሎት ያደገ ወጣት ነበር። ከሒጅራ በፊት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎችን እንዲያስተምር ወደ የሥሪብ ላኩት። እዚያም በአስዐድ ኢብኑ ዙራራ (ረ.ዐ) ቤት እንግድነት ተቀመጠ። የተለየ መኖሪያ አልያዘም፤ በአገሩ ሰው ቤት ኖረ፣ በአገሩ ሰው እየተመራ ሰዉን አወቀ።

ከዘመናችን ደግሞ ኩዌታዊው ሐኪም ዐብዱረሕማን አስ-ሱመይጥ አሉ። በባግዳድ ሕክምና ተምረው፣ በሊቨርፑል የሞቃት አገሮችን በሽታ፣ በካናዳ የውስጥ ደዌን አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በአፍሪካ በበጎ አድራጎት ሥራ ተሰማሩ፤ ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ በዚያችው በማላዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የንጉሥ ፈይሰል ሽልማትን ተቀበሉ። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ሆነው ሳለ በኋለኛው ዘመናቸው ከባለቤታቸው ጋር ማዳጋስካር ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ከእርሳቸው የምንማረው እየተመላለሱ መሥራትን ነው። ሐኪም ሆኖ አንድ ጊዜ ሄዶ መመለስ ለብዙ ሰው ይቻላል፤ ኑሮን ራሱን ወደዚያ ማዛወር ግን ሌላ ነው።

የአስተናጋጁስ ድርሻ?

እስካሁን የተናገርነው ስለ እንግዳው ነው። ሆኖም እኚያ ሽማግሌ መምህር ባይኖሩ ኖሮ ይህ ጸሐፊ በሦስተኛው ወር ሻንጣውን ይዞ በተመለሰ ነበር። እንግዳን የሚያደላድለው ስህተቱን በሰው ፊት ሳያዋርድ ለብቻው የሚነግረው የአገር ሰው ነው። ወደ እኛም ከተማ በጎ ፈቃደኞች ይመጣሉ። በየሆስፒታሉና በየትምህርት ቤቱ እናያቸዋለን። ሲሳሳቱ እንስቃለን፣ ወይም «ፈረንጅ ነው፣ ምን ያውቃል» ብለን እናልፋለን። ከመካከላችን አንዱን ቤቱ ጠርቶ ያበላ፣ የሰዓታችንን አቆጣጠር ያስረዳ ስንቱ ነው? እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ።

የመመለሱም ነገር አይዘንጋ። ከአገልግሎት የተመለሰ ሰው በገዛ ሰፈሩ እንግዳ ይሆናል። ወዳጆቹ «ስንት ይዘህ መጣህ?» ይሉታል። ባዶ እጁን ሲያዩት ዓመቱን እንዳባከነ ይቆጥሩበታል። ወንድማችን ሲመለስ ስለ ገንዘቡ መጠየቁን ትተን «ማንን አወቅህ? ምን ተማርክ?» ብንለው ለሚቀጥለው መንገደኛ በር እንከፍታለን።

እኔ ከማንጎቺ ስመለስ ልጆቹ ሊሸኙኝ መጥተው ነበር። «በስንት ሰዓት እንምጣ?» ብለው ሲጠይቁኝ አንዱ ልጅ ቀደም ብሎ «በእኛ ነው በእናንተ?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። በእነርሱ አልኳቸው።

አላህ ኒያችንን ያሳምርልን፣ በየአገሩ ለሰው ልጅ የሚደክሙትን ያጽናልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።