ጊትን በስክሪፕት ለምታዙ የጉንደ ወይን ልጆች ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ በተለይም በጉንደ ወይን ከተማ፣ የትምህርት ቤትን፣ የጤና ጣቢያን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበርን ወይም የራሳችሁን ፕሮግራም በጊት ለምታስቀምጡ ወጣቶች ነው። ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ የተመለሳችሁ ትኖራላችሁ፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና በስልካችሁ ጀምራችሁ የቀጠላችሁም ትኖራላችሁ። ሁላችሁም ውሎ አድሮ አንድ ነገር ማድረጋችሁ አይቀርም። «አድ፣ ኮሚት፣ ፑል፣ ፑሽ» እያላችሁ በየቀኑ መጻፍ ሲሰለቻችሁ አራቱን በአንድ የፓይተን ወይም የባሽ ፋይል ውስጥ ትከቱና ስሙን «ላክ» ትሉታላችሁ።

ነውር የለውም። ጊት ራሱ ያደገው እንዲህ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በመጋቢት 1997 ዓ.ም. ከጀመረው በኋላ ብዙዎቹ ትእዛዞች ለዓመታት የሼልና የፐርል ስክሪፕቶች ነበሩ፤ ወደ ሲ የተዛወሩት ቀስ በቀስ ነው። ነገር ግን በእጁ የሚጽፍ ሰው ጊት የመለሰለትን ያነባል፤ ግራ ሲገባው ይቆማል። ስክሪፕት ቁም ካላሉት አይቆምም። የሚነካው የጊት መዝገብ (ሪፖዚተሪ) ደግሞ የእናንተ ብቻ ሳይሆን የባልደረቦቻችሁም ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

በቅድሚያ ስክሪፕቱ ያስፈልግ እንደሆነ እዩ። ረጅሙን ትእዛዝ ለማሳጠር ብቻ ከሆነ የጊት አሊያስ ይበቃል። ከዚያ ሰፋ ያለ ሥራ ከሆነም ስሙ በ«ጊት» ተጀምሮ ሰረዝ የሚከተለውን ማንኛውንም ፕሮግራም በፓዝ ውስጥ ካስቀመጣችሁት፣ ጊት እንደ ራሱ ትእዛዝ ይጠራላችኋል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ሁለት መቶ መስመር ይጽፋል።

የጊትን መልስ አፍናችሁ አታስቀሩ። ጊት ሥራው ሲሳካ ዜሮ፣ ሳይሳካ ሌላ ቁጥር ይመልሳል። የፓይተኑ ሰብፕሮሰስ ቁጥሩን ይቀበላል እንጂ በራሱ አይጮኽም፤ «ቼክ» የሚለውን አማራጭ «ትሩ» ካላላችሁት ፑሹ ውድቅ ተደርጎም ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል፤ መጨረሻ ላይም «ተልኳል» ብሎ ያትማል። ባሽ ላይ ደግሞ ትእዛዝ በፓይፕ ስትቀጥሉ «ፓይፕፌል» የሚለውን ካላበራችሁ የሚታያችሁ የመጨረሻው ትእዛዝ ውጤት ብቻ ነው። ያልተላከን ሥራ ተልኳል የሚል ስክሪፕት ባይኖር ይሻላል፤ ሰው አምኖት ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደርጋል።

ግን ከዜሮ ሌላ የሆነ ቁጥር ሁሉ ብልሽት ነው አትበሉ። «ጊት ግሬፕ» የፈለገውን ሲያጣ 1 ይመልሳል፤ «ጊት ዲፍ» በ«ኳየት» ሲታዘዝ ልዩነት ካገኘ እንዲሁ 1 ይላል። በስታንዳርድ ኤረር በኩል የመጣ ጽሑፍም ሁሉ ስሕተት አይደለም፤ ጊት ስንት በመቶ እንደ ደረሰ የሚናገረው በዚያው በኩል ነው።

ለሰው ዓይን የተጻፈውን በስክሪፕት አትልቀሙ። «ጊት ስታተስ» በተራው አጻጻፉ የሚያወጣው ጽሑፍ በየስሪቱ ሊለወጥ ይችላል፤ የኮምፒውተሩ ቋንቋ ሲቀየርም ይቀየራል። «ፖርስሌን» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ፤ ቅርጹ እንዳይለወጥ ቃል የተገባለት ነው። ከእሱ ጋር የ«ዜድ»ን አማራጭ አስከትሉ። ለምን እንደሆነ እነሆ፤ ይህ ከማንም ይልቅ እኛን የሚመለከት ነገር ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ።

የፋይል ስም በአማርኛ ስትጽፉ ጊት በተለመደው አሠራሩ ፊደሉን አያሳይም። እያንዳንዱ የፊደላችን ሆሄ በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ጊት እነዚህን በስምንት ቤት ቁጥር ለውጦ በጥቅስ ውስጥ ያትማቸዋል። «መ» ብቻዋን \341\210\230 ሆና ትወጣለች። «መዝገብ» ተብሎ የተሰየመ ፋይል ምን ያህል እንደሚረዝም አስቡት። ስክሪፕታችሁ ይህን የቁጥር ሰልፍ እንደ ፋይል ስም ቆጥሮ ሊከፍት ሲሞክር ፋይሉን ያጣዋል፤ ባልደረባችሁም «ጊት አማርኛ አይችልም» ብሎ ይደመድማል። ይችላል። «ኮር ኮትፓዝ» የተባለውን ቅንብር «ፎልስ» ስትሉት ዓይናችሁ ፊደሉን ያያል፤ «ዜድ»ን ስትጠቀሙ ደግሞ ስሞቹ እንዳሉ፣ በመካከላቸው ዜሮ ባይት ብቻ ገብቶ ይመጣሉ፤ ለስክሪፕት የሚበጀው ይኸኛው ነው። በዊንዶውስ ላይ ፓይተን የምትጽፉ ከሆነም «ኢንኮዲንግ»ን ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ ዝም ካላችሁት በኮምፒውተሩ አሮጌ ኮድ ገጽ አንብቦ ፊደሉን ያተራምሰዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም ፋይል በእንግሊዝኛ ብቻ ሰይሙ የምንባለው በፊደሉ ጉድለት ሳይሆን በስክሪፕት ጸሐፊዎች ስንፍና ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። «ጸሐፊ» እና «ፀሐፊ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለጊት ሁለት ፋይሎች ናቸው። «ሥራ» እና «ስራ»ም እንደዚያው። አንዱ በአንደኛው፣ ሌላው በሌላው ሆሄ ፋይል ከፍቶ ሁለት ሰው ሁለት ፋይል ሲሞላ ይከርማል። በቡድናችሁ አንድ አጻጻፍ ተስማሙና ስክሪፕቱ ከኮሚት በፊት እንዲያረጋግጥ አድርጉ።

ትእዛዙን በአንድ ረጅም ጽሑፍ ገጣጥማችሁ ለሼል አትስጡ። የከተማችንን ስም የያዘ ፋይል ብቻውን ይህን ያስተምራል፤ «ጉንደ ወይን» በመካከሉ ባዶ ቦታ አለው፤ ያለ ጥቅስ ሲያልፍ ሼል «ጉንደ» እና «ወይን» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች ፈልጎ ሁለቱንም ያጣል። ፓይተን ላይ ትእዛዙን በዝርዝር መልክ፣ ቃሉን ለየብቻ አድርጋችሁ ስጡ፤ «ሼል» የሚለውን አማራጭም «ትሩ» አትበሉት። ከፋይል ስሞች በፊት ሁለት ሰረዝ ለብቻው አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምንም ቢመስል አማራጭ እንዳልሆነ ለጊት ይነግራል።

ይህ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. በጊት፣ በመርኩሪያልና በሰብቨርዥን ላይ አንድ ዓይነት ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር፤ በሰረዝ የሚጀምር የአገልጋይ ስም ያለው አድራሻ ክሎን የሚያደርግ ሰው ኮምፒውተር ላይ የሌላ ሰው ትእዛዝ ሊሠራ ይችል ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጊትፓይተን በተባለው ታዋቂ ላይብረሪ ላይ ተመሳሳይ ችግር ታወቀ፤ ላይብረሪው የተሰጠውን አድራሻ በወጉ ሳያጣራ ለጊት ያሳልፍ ነበር። ሁለቱም ተጠግነዋል። አሮጌ ስሪት የጫነ ኮምፒውተር ግን አልተጠገነም፤ ስለዚህ አድሱ። ከሰው የተቀበላችሁትን አድራሻ ደግሞ ሳታጣሩ ለስክሪፕታችሁ አታጉርሱት።

ኔትወርክ ይኖራል ብላችሁ አትጻፉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሊነገራችሁ አያስፈልግም። በደህናው ጊዜም ቢሆን መስመር ይመጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ «ላክ» የሚለው ስክሪፕታችሁ ሁለት ሥራዎችን ይለይ፤ ኮሚት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ፑሽ አይሠራም። ፑሹ ባይሳካ ኮሚቱ እንዳይቀር፣ ተጠቃሚውም «ተቀምጧል፤ ገና አልተላከም» የሚል መልእክት በአማርኛ እንዲያይ አድርጉ። ለኔትወርክ ሥራ የጊዜ ገደብ ስጡ። የይለፍ ቃል ጠይቆ ለዘላለም እንዳይቆምም «ጊት ተርሚናል ፕሮምፕት» የተባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ ዜሮ አድርጉት። እስኪሳካ ድረስ ያለ ገደብ የሚደጋግም ዑደት ግን አትጻፉ፤ ተቋርጦ እንደ ገና የጀመረ ክሎን ካቆመበት አይነሣም፤ ከመጀመሪያው ነው። የባልደረባችሁ የኢንተርኔት ጥቅል በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

መስመሩ ጨርሶ ሲጠፋ «ጊት ባንድል» አለላችሁ። ለምን እንደማይታወቅ አይገባኝም። መዝገቡን ከነታሪኩ በአንድ ፋይል ያስርላችኋል፤ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ወደ ሞጣ ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው ሊያደርሰው ይችላል። እዚያ ያለው ባልደረባ ፋይሉን በራሱ መዝገብ ውስጥ ሆኖ «ቬሪፋይ» ያደርገዋል፤ ከዚያ ልክ ከአገልጋይ እንደሚያመጣ ሁሉ «ፌች» ይላል። በየጊዜው ሁሉንም ማሰር አያስፈልግም፤ ካለፈው ጭነት ወዲህ ያለውን ብቻ ማሰር ይቻላል፤ ብቻ ተቀባዩ ያለፈው ሊኖረው ይገባል፤ «ቬሪፋይ» የሚያየውም ይህንኑ ነው። በስክሪፕት መታዘዝ የሚገባው ሥራ ካለ ይህ ነው፦ መጨረሻ የተላከውን ነጥብ በታግ ይያዝ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ይሰር፣ ፋይሉን በቀኑ ይሰይም፤ ታጉን ወደ ፊት የሚያዛውረው ግን ተቀባዩ «ደርሶኛል» ካለ በኋላ ብቻ ይሁን። ፍላሽ ይጠፋል፤ ቫይረስም ይበላዋል።

መብራት ሲጠፋ የሚቀረውን የቁልፍ ፋይል ስክሪፕቱ በራሱ አይሰርዝ። ጊት እየሠራ ሳለ «ኢንዴክስ ሎክ» የሚባል ፋይል ይፈጥራል፤ ኮምፒውተሩ ድንገት ከጠፋ ፋይሉ ቀርቶ ቀጣዩን ሥራ ይከለክላል። በየትእዛዙ መጀመሪያ ይህን ፋይል አጥፋ የሚል መስመር መጻፍ ይቀልላል፤ አደጋውም እዚያው ነው፤ በዚያች ደቂቃ ሌላ ፕሮግራም በእውነት እየጻፈ ሊሆን ይችላል። ስክሪፕቱ ይቁምና ሰው ይጠይቅ።

«አድ»ን ከነ«ኦል»ኡ በስክሪፕት ውስጥ አታስገቡ። በፎልደሩ ውስጥ የተማሪዎች ስምና ውጤት፣ የታካሚዎች ካርድ ቁጥር፣ የአባላት ስልክ የያዘ ሰንጠረዥ ተቀምጦ ከሆነ አብሮ ይሄዳል። በማግስቱ ብትሰርዙትም ከታሪኩ አይወጣም፤ ክሎን ያደረገ ሁሉ ይዞታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የሕግም ነው። የሚገቡትን ፋይሎች በስም ጥሩ፤ የማይገቡትን «ጊትኢግኖር» ውስጥ ጻፉ።

በጋራ ብራንች ላይ በ«ፎርስ» አትላኩ፤ የግድ ከሆነ «ፎርስ ዊዝ ሊዝ» ያለው ይሁን፤ እሱ ሌላ ሰው በመካከል ያስገባው ሥራ ካለ እምቢ ይላል። «ሪሴት ሃርድ» እና «ክሊን» የሚሉትን ስክሪፕት ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ፤ «ክሊን» መጀመሪያ የሚያጠፋውን ዘርዝሮ እንዲያሳይ የ«ኤን» አማራጭ አለው።

ቶክንን በስክሪፕቱ ውስጥም ሆነ በሪሞት አድራሻው ውስጥ አትጻፉ። ጊትሀብ በይለፍ ቃል መግባትን ነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ካስቀረ ወዲህ ብዙ ሰው ቶክኑን አድራሻው ላይ ለጥፎ ይገላገላል፤ የተለጠፈው ቅንብር ፋይሉ ውስጥ በግልጽ ጽሑፍ ይቀመጣል፤ ስክሪፕቱ አድራሻውን ሲያትምም አብሮ ይታያል።

ለስክሪፕቱ በክሮን ቀጠሮ ስታሲዙለት ሰዓቱን አስተውሉ። «2» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ኮምፒውተሩ በኢትዮጵያ የጊዜ ቀጠና ላይ ቢሆንም፣ የሚነሣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ለማታው 2 ሰዓት «20» ይጻፋል። ቀኑን ወደ ዓመተ ምሕረት መለወጥ የምትፈልጉም በሪፖርቱ ላይ ለውጡ፤ በኮሚቱ ውስጥ ያለውን አትንኩት።

ኮሚቱ የሠራውን ሰው ስም ይያዝ። በቢሮው አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም «አድሚን» እየተባለ ከተመዘገበ የጠፋውን ማን እንደሚያውቅ አይታወቅም፤ የተሠራውም ባለቤት የለውም። መልእክቱም «አፕዴት» ከሚባል ይልቅ ምን እንደ ተደረገ በአንድ መስመር አማርኛ ይጻፍ፤ ጊት አማርኛ መልእክት ያለ ችግር ይቀበላል።

በመጨረሻም፣ ስክሪፕቱን ራሱን በጊት አስቀምጡት። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ነገ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሥራ አግኝታችሁ ትሄዳላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ስክሪፕቱን ከሚተካችሁ ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ አስኪዱት፣ የራሳችሁን ቶክን ሰርዙ፣ እሱም በራሱ ቶክን እንዲሠራ አድርጉ።