ከአሰብ ወደብ እስከ ምዕራብ ዓባያ

ለምዕራብ ዓባያ ገበሬ ባሕር ሩቅ ነው፤ የሚያውቀው ሰፊ ውሃ የዓባያ ሐይቅ ነው። ሆኖም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሀብ ከውጭ አገር ይመጣ የነበረው የእርዳታ እህል ወደ ደቡብ ከመላኩ በፊት በአሰብ ወዛደሮች እጅ ያልፍ ነበር።

በዚያን ጊዜ በኤርትራና በትግራይ ጦርነት ይካሄድ ስለነበር ከምጽዋ ወደ መሀል አገር የሚያመጣው መንገድ አስተማማኝ አልነበረም። ስለዚህ ዋናው ሸክም በአሰብ ላይ ወደቀ። ወደቡ ደግሞ የእህል ብቻ አልነበረም፤ የጦር መሣሪያውም ሲሚንቶውም በዚያው ይራገፍ ነበር።

እህሉ ብዙውን ጊዜ ይመጣ የነበረው ብትን ሆኖ ነው። ከመርከቡ ሆድ እየወጣ በጆንያ ይሞላ፣ የጆንያው አፍ ይሰፋ፣ ከዚያም በመኪና ላይ ይደረደር ነበር። የሥራውን ክብደት ለመረዳት ሒሳቡን መሥራት ይበጃል። 20,000 ቶን የጫነ መርከብ በ50 ኪሎ ጆንያ ሲሰፈር 400,000 ጆንያ ይሆናል። የዚህ ሥራ ብዙው ክፍል የሚሠራው በሰው ጉልበት ነበር፤ ያውም ጥላ እንኳ በማያበርደው በአሰብ ሙቀት።

ወዛደሩ ቢፈጥንም መኪና ከሌለ ጆንያው በወደቡ ይከመራል። አንድ መኪና 20 ቶን ቢጭን ለዚያ አንድ መርከብ ብቻ 1,000 ምልልስ ያስፈልጋል። እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ እስከ ምዕራብ ዓባያ ሌላ 400 ያህል ይቀራል። እንግዲህ በዚያ ዓመት መርከቦች ተራ ሲጠብቁ የወዛደሩን ስንፍና ብቻ መውቀስ ሚዛን የሚደፋ አልነበረም።

ከግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ጀምሮ የኢትዮጵያ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የአሰብ ወደብም ከሞላ ጎደል ያለ መርከብ ቀረ።