የረጠበውን እህል ከላይ እናድርግ



ባለፈው ደርሳችን ማብቂያ ላይ ከአምበር የመጣ ወንድማችን አንድ ጥያቄ አነሣ። አባቱ ጤፍ ነግደው ባጠራቀሙት ገንዘብ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ገዝተዋል። ለዓመታት የትርፍ ድርሻ አልተከፈላቸውም፤ የሂሳብ ሪፖርትም አልደረሳቸውም። ባለአክሲዮኖቹ ሲገናኙ ግማሾቹ «ድርጅቱ አልቆለታል» ይላሉ፤ ግማሾቹ «እንታገሥ፣ ይነሣል» ይላሉ። አሁን ይህን ሁሉ የማያውቅ አንድ ጎረቤት አክሲዮኑን በተገዛበት ዋጋ ልግዛ ብሏል። የወንድማችን ጥያቄ «ዝም ብለን እንሽጥለት ወይ?» የሚል ነው። ነገሩን በሦስት ከፍለን አየነው።

አንደኛ፣ ኪሳራ በራሱ በደል አይደለም። አክሲዮን ሽርክና ነው። በሽርክና ትርፍ በስምምነት ይከፈላል፤ ኪሳራ ግን እንደየካፒታሉ ድርሻ ነው። ትልቅ ሥራ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አክሲዮን የገዙበት ሐበሻ ሲሚንቶ ሆለታ አጠገብ ያለውን ፋብሪካውን ያስመረቀው ከዓመታት ጥበቃ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ መዘግየትን ብቻ አይቶ «ተበላን» ማለት አይገባም። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል።

ሁለተኛ፣ ሂሳብን መደበቅ ግን በደል ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) የአክሲዮን ማኅበር ሂሳቡን አስመርምሮ ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲያቀርብ ያዛል። በዚያው ዓመት የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ (ቁጥር 1248) ደግሞ አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ አስቀድሞ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ እንዲያወጣ ይጠይቃል። ለእኛ ለሙስሊሞች ሌላም ምክንያት አለ። ሥራው ሐላል ሆኖ በወለድ የሚበደር ኩባንያ አክሲዮን ላይ ዑለሞች ተለያይተዋል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ መሠረቱ ክልክል መሆኑን ወስኗል። አዮፊ የተባለው የእስላማዊ ፋይናንስ ደረጃ አውጪ ተቋም ግን የወለድ ብድሩ ከኩባንያው የገበያ ዋጋ 30 በመቶ እንዳያልፍና ሌሎች መስፈርቶች እንዲሟሉ በማድረግ ፈቅዷል። የትኛውንም አቋም ብንይዝ፣ ሂሳቡን ካላየን የብድሩን መጠን አናውቅም፤ የገንዘባችንንም ሁኔታ አናውቅም።

ሦስተኛው ክፍል እኛኑ ይመለከታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሲያስገቡ ውስጡ ረጥቦ አገኙት። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ነገራቸው። እሳቸውም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ እንበል፦ ነጋዴው ዝናቡን አላዘነበም። ጥፋቱ እርጥቡን ከሥር ማድረጉ ነው።

የአምበሩም አባት ድርጅቱን አላከሰሩም፤ ነገር ግን የሚያውቁትን ዐይብ ደብቀው ከሸጡ ኩባንያውን የሚወቅሱበትን ጥፋት ራሳቸው በጎረቤታቸው ላይ ይፈጽማሉ። ግልጽነትን ከቦርድ እየጠየቅን ለገዢ ልንነፍገው አንችልም። ዐይቡ ተደብቆበት የገዛ ሰውም ሲያውቅ ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለው ፉቀሃዎች አስተምረዋል።

ስለዚህ ለወንድማችን ይህን መከርን። አባትህ መጀመሪያ የሂሳብ ሪፖርቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ጉባኤ ሲጠራም ይገኙ። ለጎረቤታቸው ትርፍ እንዳልተከፈለ፣ ሪፖርት እንዳልደረሳቸው ይንገሩት። ያረጋገጡትን ከሰሙት ወሬ ይለዩለት። አውቆ በቀነሰ ዋጋ ከገዛ ሽያጩ ንጹሕ ነው። ከተወውም አባትህ ገንዘብ ቢቀርባቸው እንጂ አማናቸው አይጎድልም። በረካ ያለው ሻጭና ገዢ እውነት ሲናገሩና ነውሩን ሲገልጹ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል።

አላህ ሐላል ሲሳይ፣ በእጃችን ባለውም ላይ በረካ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።